ሀረገወይንና የቀመሪያ ሃያ ሁለት ቀናት

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ግድግዳቸውን በአሮጌ ካላንደር የሸፈኑት ግን ሀረገወይን ብቻ ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው። ጠረጴዛዋ፣ ኮምፒውተሯና ለባለጉዳይ የሚሆን አንድ አግዳሚ ወንበር ከገቡ በኋላ የተረፈውን ቦታ ሮቤራና የኮፒ ማሽኑ ይዘውታል። ኪራዩን ለሁለት ነው የሚከፍሉት። ከጀርባዋ በአንድ ሚስማር ላይ የባንኩ፣ የመድን ድርጅቱ፣ የቀለም ፋብሪካው ካላንደር ከአሥር ዓመት በላይ ተደራርቦ ተሰቅሏል።

«እዚህ ቤት ዓመት ይገባል እንጂ አይወጣም» ይላታል ሮቤራ።

«አንተ ኮፒህን አንሳ» ትለዋለች።

ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሜክሲኮ አጠገብ ታይፕ ተማረች፤ ከዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ሠራች። ኮምፒውተር መጣና አለቆቹ ደብዳቤያቸውን ራሳቸው መጻፍ ሲጀምሩ፣ የታይፕ ክፍሉ ተዘጋ። የቀሩት ጓደኞቿ ሲያለቅሱ እሷ ጣቶቿን አየች። እነዚህ ያሉበት ቦታ ሁሉ እንጀራ አለ አለችና ወደ ልደታ መጣች።

ካላንደር መሰብሰብ የጀመረችው እዚህ ነው። ባለጉዳይ ቀን ይዞ አይመጣም። «ለሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው» ይላል አንዱ። «የአረፋ ማግስት» ትላለች ሌላዋ። «ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ለት» ብሎ ዝም የሚልም አለ። ሀረገወይን ታዲያ ካላንደሩን እየገለበጠች፣ እየጠየቀች፣ ሚካኤሉንም አረፋውንም ወደ ቀንና ወር ትለውጠዋለች። «ዳኛ በረዶ አይቆጥርም» ትላቸዋለች።

እውነቱን ለመናገር ግን ካላንደሩን ሚስማር ላይ የሰቀለው ትጋት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ነው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ሰው የአጥር ክርክር ተረቱና ይግባኝ ሊሉ መጡ። ጊዜው ስልሳ ቀን ነበር። ፍርዱ የተሰጠው ነሐሴ አሥር ስለሆነ፣ ሀረገወይን ሁለት ወር ቆጥራ «እስከ ጥቅምት አሥር ጊዜ አለዎት፣ አይቸኩሉ» አለቻቸው። ጥቅምት ስምንት ቀን ተያይዘው ሄዱ። ጊዜው ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ጳጉሜን ረስታታለች! አምስት ቀን፣ አንድ ሰው አጥሩን የሚያጣባት አምስት ቀን። ሰውየው ደግ ናቸው፣ አልተቀየሟትም። እንዲያውም በየዓመቱ ጳጉሜ አንድ ቀን ስልክ ይደውላሉ፦ «ሀረግ፣ ገብታለች፤ እንዳትረሻት!» ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፤ ስልኩን ስትዘጋው ግን ሁልጊዜ ጉንጯ ይግላል።

እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 13 ቀን፣ ሮቤራ በዶሮ ብዛት እያዛጋ፣ እሷም ከጾሙ በኋላ የበላችው ከብዷት ተቀምጠው ሳለ፣ ሁለት ሰዎች ገቡ። ሴትዮዋ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥቁር ሻሽ አድርጋለች። ስሟ ቀመሪያ ነው፤ እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ሽማግሌው የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ኡስታዝ ሁመድ፤ ከወሎ መጥተው ልጆች ቁርአን ሲያስተምሩ ጢማቸው የነጣ ሰው።

«እንኳን አደረሳችሁ» አሉ ኡስታዝ፣ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ እየጠረጉ። «በበዓል አስቸገርናችሁ። ሥራው ቀላል ነው። ጽፌዋለሁ፤ እርስዎ በማሽን ማስገባት ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ሲሰጧት ሀረገወይን ተገረመች። እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ ካየች ቆይታለች። ፊደሉ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፣ መስመሩ በክር የተለካ ይመስላል።

«ምን ዓይነት እጅ ነው!» አለች።

«ከልጅነቴ ነው» አሉ፣ ደስታቸውን ለመደበቅ እየሞከሩ።

ታይፕ ስትማር አስተማሪዋ «ዓይን ከወረቀት፣ ጣት ከማሽን፣ ሐሳብ ከቤት» ትል ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት እንደዚያ ነው የሠራችው፣ የምትጽፈውን ሳታነብ። አሁንም ጣቶቿ ራሳቸው ሄዱ። «ለክቡር ፍርድ ቤት። እኔ አመልካች ባለቤቴ ሱፍያን በልብስ ስፌት ሥራ ሲተዳደር የቆየ ሲሆን፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በመንገድ ሲያልፍ ከአንድ ሕንፃ አናት ላይ ትልቅ ታፔላ ወድቆበት ወዲያው ሕይወቱ ያለፈ በመሆኑ፣ ሕጉ ካሳ ለመጠየቅ የፈቀደውን ሁለት ዓመት ባለማወቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ያሳለፍኩ ስለሆነ፣ ይርጋው በይቅርታ እንዲታለፍልኝ…»

ጣቶቿ ቆሙ።

ይርጋ የሚለውን ቃል ልደታ ውስጥ የማይፈራው የለም። ሰው መብት እያለው ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ ሕጉ የሰጠው ጊዜ አልፎ በሩ የሚዘጋበት ነገር ነው። ሀረገወይን የምትፈራው ግን በተለይ ነው።

«ኡስታዝ፣ ይህን ወረቀት ካስገባችሁ እኮ 'ጊዜው አልፎብኛል' ብላችሁ ራሳችሁ ፈረማችሁ ማለት ነው። ያኛው ወገን ሌላ መልስ አያስፈልገውም።»

«እውነት ካለፈ ምን እናድርግ? መዋሸት አይሆንልንም።»

«ማን ነው ያለፈ ያለው?»

ቀመሪያ መለሰች። ድምጿ ዝግ ያለ ነው። «የሁለተኛ ዓመቱን ሶደቃ አወጣን። እዚያ የተቀመጠ አንድ እንግዳ 'ካሳውስ?' አለኝ። 'በሽምግልና ተይዟል፣ ከበዓል በኋላ ይባላል' አልኩት። 'እህቴ፣ ሕጉ ሁለት ዓመት ነው፤ ዛሬ ሞላ አይደል?' አለኝ። እኛ ሶደቃ እያወጣን ጊዜው እየተዘጋ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላማ ማን ፊት ልቅረብ? ልጆቼን ሺፋንና አማልን ይዤ፣ ባወቅኩት ነገር ቢሆን አይቆጨኝም።»

«መቼ ነው የሞተው፣ ልጄ?»

«በኢድ አራተኛው ቀን። ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር፣ ሸዋል አራት።»

«እኔ የጠየቅኩሽ በኢትዮጵያው አቆጣጠር ነው።»

ቀመሪያ ኡስታዝን አየች። ኡስታዝ ጢማቸውን ያዙ።

«በዚያን ቀን ማን ቀን አየ!» አሉ። «አሥር ላይ አንሥተን ቀበርነው። እኔ የማውቀው ሸዋል አራት መሆኑን ነው። ሶደቃውንም በየዓመቱ በሸዋል አራት ነው የምናወጣው።»

ሀረገወይን ከወንበሯ ተነሣች። የ2017ን፣ የ2016ን ገልብጣ 2015 ላይ ደረሰች። ካላንደሩ የቀለም ፋብሪካው ነው። ሚያዝያን አወጣች። ሚያዝያ 13፣ ዓርብ፣ በቀይ፦ ኢድ አልፈጥር። በጣቷ ቆጠረች። ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ሦስት፣ ሰኞ አራት።

«ቀኑ ሰኞ ነበር?»

«ሰኞ ነው!» አለች ቀመሪያ። «ሱቅ ሊከፍት ሲሄድ፣ 'የኢድ ስንፍና በቃ' ብሎኝ ነው የወጣው።»

ሚያዝያ 16። ከዚያ የዘንድሮውን አወጣች። የዘንድሮው ኢድ መጋቢት 21 ላይ ነው። ሀረገወይን አንዴ ቆጠረች፣ ሁለቴ ቆጠረች። ራሷን አላመነችም፤ ጳጉሜ ትዝ አለቻት።

«ሮቤራ፣ ና እዚህ። ከዘንድሮው ኢድ ከመጋቢት 21 እስከ ያኔው ኢድ እስከ ሚያዝያ 13 ስንት ነው?»

«ምነው ዳኛዬ፣ በበዓል ሒሳብ?» ግን ቆጠረ። «ሃያ ሁለት።»

«ኡስታዝ፣ በእርስዎ አቆጣጠርና በፍርድ ቤቱ መካከል ሃያ ሁለት ቀን አለ። የእርስዎ ሁለት ዓመት ሞልቷል። የፍርድ ቤቱ ሐሙስ ነው የሚሞላው። የፊታችን ሐሙስ!»

ኡስታዝ ሁመድ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ።

«ያ አላህ! ኢድ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እንደሚቀድም ለልጆች የማስተምር እኔ! አምና አርባ ልጅ ፊት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ!»

«ማስተማርና ማስታወስ ይለያያል» አለ ሮቤራ። «እኔም ሲጋራ ጎጂ ነው ብዬ አስተምራለሁ።»

ቀመሪያ አልሳቀችም። «እውነትዎን ነው? የማይሆን ተስፋ አይስጡኝ፣ እትዬ።»

ይህ ነው ሀረገወይንን የወጋት። እሷም እርግጠኛ አይደለችም። ቀኑን የሚያሳይ ወረቀት አላየችም፤ የያዘችው የሁለት ሰው ትዝታና የቀለም ፋብሪካ ካላንደር ነው። ስልኳን አንሥታ ሔኖክ ለሚባል ጠበቃ ደወለች። ብዙ ባለጉዳይ ልካለታለች፤ እሱም አንዳንዱን በነጻ ይይዛል።

«እትዬ ሀረግ፣ እንኳን አደረሰዎት! ቤተሰብ ጋ ነኝ፣ ዶሮው ላይ።»

«ዶሮው የትም አይሄድም፣ የሚሄደው ይርጋው ነው። ስማኝ።»

ነገረችው። ማኘኩን አቆመ። «ፖሊስ ምን አለ?» ሲል ጠየቀ። ወንጀል ከሆነ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ሀረገወይን ጠይቃ «ንፋስ ነው ብለው መዝገቡን ዘግተውታል» አለችው።

«እንግዲያው በሁለት ዓመቱ ላይ ነው መቆም። ወንጀል ባይኖርም የሕንፃው ባለቤት በካሳ መጠየቁ አይቀርም። ክሱን ዛሬ ማታ ጽፌ እልክልዎታለሁ። ግን ቀኑን በወረቀት ማየት አለብኝ። የፖሊሱ ደብዳቤ የት አለ?»

«የት አለ?» አለች ሀረገወይን ወደ ቀመሪያ ዞራ።

«ጋሽ በከር እጅ ነው።»

ጋሽ በከር በቀመሪያና በሕንፃው ባለቤት መካከል የገቡት ሽማግሌ ናቸው። ተክለ ሃይማኖት ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ይሸጣሉ፤ ሱፍያን ደንበኛቸው ነበር። ሽምግልናው ሲጀመር ሁለቱም ወገን ያለውን ወረቀት እርሳቸው እጅ አስቀመጠ። እንዲህ ነው ወጉ፤ ወረቀቱን ለሽማግሌ የሰጠ ሰው ሌላ ቦታ አልከስም ማለቱ ነው። ቀመሪያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀቻቸው ለዚህ ነው፤ መጠየቅ ሽማግሌን መሳደብ ይመስላል።

በማግስቱ ማክሰኞ ሀረገወይን ከዚህ በፊት ያላደረገችውን አደረገች። ሱቋን ለሮቤራ ትታ አብራቸው ሄደች።

ጋሽ በከር የዚፕ ካርቶን ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሽምግልናው መቼ አለቀና ነው ፍርድ ቤት? ሰውየውን 'ከአረፋ በፊት ጨርስ' ብዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል። አሁን ወረቀት ላውጣ ብል ምን ይለኛል?»

ኡስታዝ ሁመድ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ግን ቀመሪያ ቀደመቻቸው።

«ጋሽ በከር፣ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማየው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ 'ከበዓል በኋላ' ተባልኩ። ረመዳን ሲመጣ ከኢድ በኋላ፣ ኢድ ሲመጣ ከአረፋ በኋላ። የእኛ በዓል አለፈ። ክርስቲያኖቹም እሑድ ጨረሱ። ከእንግዲህ ምን በዓል ቀረ?»

«መውሊድ አለ» አሉ ጋሽ በከር ሳያስቡት።

ኡስታዝ ሁመድ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ዚፕ ሊገዛ የቆመ አንድ ሰውዬ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ በከር ራሳቸው ያሉትን ሰሙትና እየተሸማቀቁ ሳቁ። ቀመሪያም ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ አዝሎ።

ሀረገወይን በዚህ መሀል ገባች። «ጋሽ በከር፣ መዝገቡ ተከፍቶም መታረቅ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ራሱ ብትስማሙ ይሻላል ይላል። ይርጋው ካለፈ ግን እርስዎም የሚያስታርቁት ነገር አይኖርዎትም። ሰውየው ምን ፈርቶ ይመጣል? ወረቀቱን ቢሰጡን ሽምግልናውን ገደሉት ማለት አይደለም፤ ጥርስ አበቀሉለት ማለት ነው።»

ጋሽ በከር ከካርቶናቸው ተነሡ፤ የተቀመጡበትን ካርቶን ከፈቱትና ከዚፖቹ ሥር አንድ ፌስታል አወጡ።

«ሁለት ዓመት ተቀምጬበታለሁ» አሉ። «እንደ እንቁላል የሚፈለፈል መስሎኝ ነበር።»

ሀረገወይን ደብዳቤውን ከፌስታሉ ስታወጣ ልቧ መምታቱን ሮቤራ ልደታ ሆኖ ሳይሰማው አይቀርም። ቀኑ ሚያዝያ 6 ቢልስ? ሴትዮዋ የኢዱን ቀን ተሳስታ ቢሆንስ? ዓይኗን ወደ መሀል መስመር ጣለች። «በቀን 16/08/2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ…» ስምንተኛ ወር። ሚያዝያ። አሥራ ስድስት።

«ነው?» አለች ቀመሪያ።

«ነው!» አለች ሀረገወይንም። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ጋሽ በከርን ጨበጠቻቸው።

ረቡዕ ጠዋት የሔኖክ ክስ ስልኳ ላይ ገብቷል። ሀረገወይን በዚያን ቀን እያንዳንዱን ቃል እያነበበች ጻፈች፤ ሐሳቧ ቤቷ አልሄደም። የልጆቹን ስም፣ የምስክሮቹን ዝርዝር፣ የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍል ጉዳይዋ እንዲታይላት የሚጠይቀውን ቃለ መሐላ ጨመረችበት። ኡስታዝ ሁመድ ከኋላዋ ቆመው ፊደል ያርማሉ።

«እዚህ ጋ አራት ነጥብ ቢሆን።»

«ኡስታዝ፣ ይልቀቁኝ።»

«እሺ፤ ግን አራት ነጥብ ነው።»

አራት ነጥብ አደረገችው። ከዚያ ፕሪንተሩ ሦስተኛውን ገጽ ጎረሰና ቆመ። ሮቤራ ክዳኑን ከፍቶ እስከ ክርኑ ገባ። «ና ውጣ፣ ና የኔ ጌታ፣ ሴትዮዋን አታስቆማት» እያለ ያባብለዋል። ቀመሪያ ደጃፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሮቤራ የተጨማደደ ወረቀት ይዞ ፊቱ በቀለም ጠቁሮ ሲወጣ፣ ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኖ ነበር።

የበዓሉ ሰሞን ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነው። ሀረገወይን ባለጉዳዮቿን እስከ ግቢው በር ሸኝታ ነው የምትመለሰው፤ ዛሬ ግን እግሯ አልመለስ አላት። ከቀመሪያ ኋላ ቆማ፣ ክሱን አሥር ጊዜ ደግማ አነበበችው። ኡስታዝ ሁመድ በሹክሹክታ ዱዓ ያደርጋሉ። ከፊታቸው የቆመች ሴትዮ «ምንድን ነው ጉዳያችሁ፣ እንዲህ ያሸበራችሁ?» ስትል፣ ቀመሪያ «ቀን ነው» አለቻት። «ቀን ሁሉንም ያሸብራል» ብላ ሴትዮዋ ቦታዋን ለቀቀችላት።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ሠራተኛ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ደብዳቤው ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀኑን አየች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የዛሬን ቀን አየች፣ እንደገና ደብዳቤውን አየች። በጣቶቿ ቆጠረች።

«ነገ ነበር እኮ የሚያልቀው!» አለች። «የት ነበራችሁ እስከ ዛሬ?»

«ሸዋል ላይ» አሉ ኡስታዝ ሁመድ።

ወጣቷ ምንም አልገባትም፤ ግን ሦስቱም ሲስቁ እሷም ፈገግ አለችና ማህተሙን አነሣች። ዷ! ሚያዝያ 15 ቀን 2017። ኮፒው ላይም ደገመችው። የመዝገብ ቁጥር ጻፈችበትና በመስኮቱ ሥር ገፋችው። «ቀጠሮ ይነገራችኋል።»

ቀመሪያ ኮፒውን በሁለት እጇ ተቀበለችና ማህተሙን በጣቷ ነካችው፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ስለሆነ አውራ ጣቷን ሰማያዊ አደረገው። ግቢው ውስጥ ወዳለው ዛፍ ጥላ ሄዱ። ሀረገወይን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ደስታ እንዲህ ያደክማል ብላ አታውቅም ነበር።

«አልሐምዱሊላህ። ደረስን ማለት ነው?» አለች ቀመሪያ።

«ደረስን። ከእንግዲህ አልፎብሻል የሚልሽ የለም። ይከራከራሉ እንጂ በሩን አይዘጉብሽም።»

«ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?»

«አሁንማ ቀጠሮ መጠበቅ ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

ሀረገወይን ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው ልደታ፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የያዘ ካላንደር ግን አላገኘችም።

«እሱንስ አትጠይቂኝ፣ ልጄ» አለችና መሳቅ ጀመረች። «ቸኩሉ የተባልነው እኛ ብቻ ነን።»

ቀመሪያ ሰማያዊ አውራ ጣቷን እያየች አብራት ሳቀች። «ይሁን» አለች። «እኔ እንደሆንኩ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ለምጃለሁ። አሁን ግን ወረቀቱ እጄ ነው።»